አምስት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ እንዴት እንጀራ ይሆናል? የእንግሊዝ ክሪኬተር ኑሮ በአንድ ሰውዬ በኩል ሲታይ

ሻርጃ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፣ አርብ አርብ ከህንፃቸው ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ፓኪስታኖቹና ህንዶቹ ክሪኬት ሲጫወቱ እያየ ሻዩን ይጠጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ አይቶ አንድም ነገር እንዳልገባው በኩራት ነው የሚያወራው። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላከልኝ፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ፈረንጅ ስታዲየም ሙሉ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብለት እንባው እየተናነቀው ይሄዳል። ከስሩ ቮይስ አለ፦ «ስማ፣ ይሄ ሰውዬ 41 ዓመቱ ነው አሉኝ፣ ስራው ደሞ ኳስ መወርወር ነው አሉኝ፣ አሁን ይሄ ስራ ሆኖ ነው ሰው የሚያለቅሰው?»

ስራ ነው ወንድሜ። እንደውም ከባድ ስራ ነው። ሰውዬው ጄምስ አንደርሰን ይባላል፣ እዛ ሁሉም ጂሚ ነው የሚሉት፣ ቪዲዮው ደሞ በፈረንጆቹ ጁላይ 2024 ለንደን ሎርድስ የሚባለው የክሪኬት ሜዳ ላይ ለእንግሊዝ የመጨረሻውን ጨዋታ የጨረሰ ቀን የተቀረፀ ነው። በ2025 ደሞ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ስልጣን ሲለቁ ባቀረቡት የሽልማት ዝርዝር ላይ ስሙ ገብቶ «ሰር» ተብሏል። የሱን ኑሮ ከታች እስከ ላይ ብንከተለው የእንግሊዝ ክሪኬተር እንዴት እንደሚሰራ፣ ማን እንደሚከፍለው፣ ለምን ቶሎ እንደሚሰበርና ማን «በቃህ» እንደሚለው ይገባናል ብዬ ነው ይሄን የምፅፈው።

ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ጨዋታው ራሱ ምንድነው?

አጭሯን ልንገራችሁ፣ ህጉን ሁሉ ማወቅ አያስፈልጋችሁም፣ እኔም ሁሉንም አላውቅም።

በአንድ ቡድን 11 ሰው ነው። መሀል ሜዳ ላይ 20 ሜትር ገደማ የምትረዝም የተጠቀጠቀች መሬት አለች፣ ፒች ትባላለች። በሁለቱም ጫፍ ሶስት ሶስት እንጨት ተተክሏል። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። ወርዋሪው ባውለር ነው፣ መቺው ባትስማን። መቺው ኳሷን መትቶ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተቀያየረ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፣ ረን ትባላለች። የወርዋሪው ስራ ደሞ መቺውን ማስወጣት ነው፣ ወይ እንጨቱን መትቶ ይጥልበታል፣ ወይ የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ትቀለባለች፣ ሌላም መንገድ አለ። አንድ መቺ ሲወጣ «አንድ ዊኬት ወደቀ» ይባላል። አስር ዊኬት ሲወድቅ ተራው ያልቃል፣ ቡድኖቹ ይቀያየራሉ።

የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዱላና ሩር አይቶ ይመሳሰላል ሊል ይችላል ግን አይመሳሰልም፣ የገና ጨዋታ ሁሉም ባንዴ ነው የሚጋፋው፣ ይሄ የሁለት ሰው ፍጥጫ ነው፣ የቀረው ቆሞ ይጠብቃል። የአክስቴን ልጅ ያደከመውም ይሄ መቆም ይመስለኛል።

ዋናው ግራ የሚያጋባው ነገር ክሪኬት ሶስት ዓይነት ርዝመት አለው። ትልቁ ቴስት ይባላል፣ በአገሮች መሀል ነው፣ እስከ አምስት ቀን ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል። ሁለተኛው ያንድ ቀን ጨዋታ ነው፣ ለየቡድኑ 50 ኦቨር። አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው። ሶስተኛው ቲ ትዌንቲ ነው፣ ለየቡድኑ 20 ኦቨር፣ ሶስት ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ ገንዘቡም ጩኸቱም ያለው እሱ ጋ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ይመጣል።

704 ዊኬት ሲባል ምን ያህል ነው?

አንደርሰን በ188 ቴስት ጨዋታ 704 ዊኬት ወስዷል። በታሪክ ከሱ በላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ የስሪላንካው ሙቲያ ሙራሊታራን 800 እና የአውስትራሊያው ሼን ዋርን 708። ሁለቱም ስፒነር ናቸው፣ ማለት ቀስ ብለው ተራምደው ኳሷን በጣታቸውና በአንጓቸው የሚያሾሩ። አንደርሰን ግን ፈጣን ወርዋሪ ነው፣ ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ በሙሉ ጉልበት የሚለቅ። ፈጣን ሆኖ 700 የደረሰ ከሱ በፊት ማንም የለም፣ ማርች 2024 ህንድ ውስጥ ሂማላያ ግርጌ ዳራምሳላ በምትባል ከተማ ነው የደረሰው።

አሁን ሌላውን ቁጥር ስሙ፣ እኔን ያስገረመኝ እሱ ነው። ይሄን 704 ለማግኘት በቴስት ብቻ 40,037 ጊዜ ወርውሯል። አካፍሉት፣ አንድ ሰው ለማስወጣት በአማካይ 57 ውርወራ ማለት ነው። 56ቱ ምንም አልተገኘባቸውም፣ ወይ ተመቱበት፣ ወይ አለፉ፣ ወይ መቺው ለጥቂት ተረፈ። ከዛ ተመልሶ ይሄዳል፣ ኳሷን ሱሪው ላይ እየፈተገ፣ ዞሮ እንደገና ይንደረደራል። ወርዋሪነት እንደዚህ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጅ መመለስ።

አንድ ልጅ ከየት ተነስቶ ነው እዚህ የሚደርሰው?

እንግሊዝ ውስጥ መሰላሉ ይታወቃል። ከታች የሰፈር ክለብ አለ፣ ከሱ በላይ ካውንቲ፣ ከላይ የእንግሊዝ ቡድን።

ካውንቲ ማለት እንደ ክፍለ ሀገር በሉት፣ ላንክሻየር፣ ዮርክሻየር፣ ኬንት፣ ሰሪ ምናምን። ወንዶቹ ጋ 18 ካውንቲዎች ናቸው ፕሮፌሽናል ቡድን ያላቸው፣ በሁለት ዲቪዚዮን ተከፍለው ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ይጫወታሉ፣ ዋናው ውድድራቸው ባለ አራት ቀን ጨዋታ ነው፣ ከ1890 ጀምሮ ያለ። ከእግር ኳስ ጋር ትልቁ ልዩነት ምን መሰላችሁ፣ እግር ኳስ ላይ ክለቡ ነው ጌታ፣ ብሄራዊ ቡድን አልፎ አልፎ ነው የሚጠራህ። ክሪኬት ላይ ግልባጩ ነው፣ ብሄራዊ ቡድኑ ነው ዋናው ስራ፣ ካውንቲው ማሳደጊያ ነው።

አንደርሰን በ1982 በርንሊ ተወለደ፣ ላንክሻየር ውስጥ ያለች የድሮ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ። ልጅ እያለ በርንሊ ክሪኬት ክለብ ነው የተጫወተው፣ ላንክሻየር ሊግ በሚባለው ውድድር። ይሄ ሊግ የራሱ ታሪክ አለው፣ ተጫዋቾቹ በሳምንቱ ሌላ ስራ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው ግን እያንዳንዱ ክለብ አንድ ባለሙያ በደሞዝ መቅጠር ይችላል። ጎረቤት ከተማ ኔልሰን በ1929 የትሪኒዳዱን ሊሪ ኮንስታንቲንን ቀጥሮ ነበር፣ ጥቁር ሰው ብርቅ በነበረባት ከተማ ህዝቡ እሱን ለማየት እየተጋፋ ሜዳውን ይሞላ ነበር፣ ይሄው ሰው በኋላ በ1969 የእንግሊዝ ሎርዶች ምክር ቤት የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ከርዕሴ ወጣሁ መሰለኝ፣ ግን አለመጥቀስ አልቻልኩም።

ወደ ጂሚ ስንመለስ፣ እሱ እንደሚለው እስከ 17 ዓመቱ ድረስ ተራ ልጅ ነበር፣ ከዛ ባንዴ ፈጣን ሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ካውንቲዎች አካዳሚ አላቸው፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ በእድሜ እየከፋፈሉ ልጆች ይመለምላሉ፣ ከዛ ሁለተኛ ቡድን፣ ከዛ አነስተኛ ደሞዝ ያላት ጀማሪ ኮንትራት፣ ከዛ ዋናው ቡድን። አብዛኛው ልጅ መሀል ላይ ይቀራል። አንደርሰን ግን በ2002 ለላንክሻየር ዋናው ቡድን ጀመረ፣ የዛኑ ዓመት ዲሴምበር ላይ ሰው ተጎድቶ ጎደለና ገና 20 ዓመቱ ሆኖ አውስትራሊያ ሜልቦርን ላይ ለእንግሊዝ አንድ ቀን ጨዋታ ተሰለፈ። ሜይ 2003 ደሞ የመጀመሪያ ቴስቱን ሎርድስ ላይ ከዚምባብዌ ጋር ተጫወተ፣ በመጀመሪያው ተራ አምስት ሰው አስወጣ። ፀጉሩን ቀይ መስመር ቀብቶ፣ ጋዜጣው ሁሉ ስለሱ፣ ምን ቀረው።

የጀመረበትና የጨረሰበት ሜዳ አንድ መሆኑን እዩልኝ። 21 ዓመት መሀላቸው አለ።

«ፕሮፌሽናል» የሚለው ቃል ለምን ይጠቀሳል? ሁሉም ተከፋይ አይደለም እንዴ?

አሁን አዎ። ድሮ ግን አልነበረም፣ ይሄ የእንግሊዝን መደብ ነገር የሚያሳይ ነው።

እስከ 1962 ድረስ ተጫዋቾች በሁለት ይከፈሉ ነበር። «ጀንትልሜን» የሚባሉት አማተሮች ነበሩ፣ የባለፀጋ ልጆች፣ ደሞዝ አንቀበልም ለፍቅር ነው የምንጫወተው የሚሉ (ወጪ ተብሎ ስንቱ እንደሚሰጣቸው ሌላ ወሬ ነው)። «ፕሌየርስ» የሚባሉት ደሞ ሰራተኞች ነበሩ፣ ተከፋዮች። አንድ ቡድን ውስጥ አብረው እየተጫወቱ መልበሻ ክፍላቸው ይለያይ ነበር፣ ብዙ ሜዳ ላይ የሚወጡበት በር ራሱ የተለያየ ነው። የውጤት ወረቀት ላይ እንኳን የአማተሩ ስም ምህፃረ ፊደል ከፊት ይፃፋል፣ የባለሙያው ከኋላ፣ አይታችሁ የማን ልጅ እንደሆነ ትለያላችሁ። ካፒቴን የሚሆነውም አማተር ነው። ባለሙያ ሆኖ በቋሚነት እንግሊዝን የመራ የመጀመሪያው ሰው በ1952 ሌን ኸተን ነው፣ ባለሙያ ሆኖ «ሰር» የተባለ የመጀመሪያው ደሞ በ1953 ጃክ ሆብስ። ልዩነቱ የተሰረዘው በ1962 መጨረሻ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ በ1967 ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ማህበር አቋቋሙ፣ እስከ ዛሬ አለ፣ ስለ ኮንትራትና ስለ ጡረታ ነገር የሚከራከርላቸው እሱ ነው።

ስለዚ የበርንሊ ልጅ «ሰር ጄምስ» ሲባል እንግሊዞቹ ጋ የሚሰማው ነገር እኛ ጋ ከሚሰማው ትንሽ ይለያል።

ደሞዙን ማነው የሚከፍለው?

ከሶስት ኪስ ነው የሚመጣው።

አንደኛው ካውንቲው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ዓመት ኮንትራት ይፈራረማሉ። ድሮ ኮንትራቱ ለበጋዋ ስድስት ወር ብቻ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ተጫዋቹ ሌላ ስራ ፍለጋ ይወጣል፣ አሁን ብዙው ዓመቱን ሙሉ ነው የሚከፈለው። ግን ሴፕቴምበር ሲመጣ ሁሉም ልቡ ይሰቀላል፣ ኮንትራትህ ታድሷል ወይ አልታደሰም የሚባለው ያኔ ስለሆነ። ለዓመታት በታማኝነት ላገለገለ ተጫዋች ደሞ ካውንቲው አንድ ዓመት ሙሉ በስሙ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ፕሮግራም ያዘጋጅለታል፣ እራት፣ ጎልፍ፣ ጨረታ። እቁብ ወጣለት በሉት፣ ልዩነቱ ራሱ አልጣለም፣ የጣለው ጉልበቱን ነው።

ሁለተኛው የእንግሊዝና ዌልስ ክሪኬት ቦርድ ነው፣ እንደ ፌዴሬሽን። ከ2000 ጀምሮ ለጥቂት ምርጥ ተጫዋቾች «ሴንትራል ኮንትራት» የሚባል አመጣ፣ ማለት አሰሪህ ካውንቲው መሆኑ ቀርቶ ቦርዱ ሆነ። ይሄ ትንሽ የወረቀት ለውጥ ይመስላል ግን የአንደርሰንን እድሜ ያራዘመው አንዱ እሱ ነው። ከዛ በፊት ወርዋሪው ቴስት አምስት ቀን ሙሉ ወርውሮ በማግስቱ መኪናውን ነድቶ ካውንቲው ጋ ሄዶ እንደገና ይወረውር ነበር፣ ደከመኝ ቢል ማን ይሰማዋል፣ ደሞዙ ከዛ ነው። ከ2000 በኋላ ግን ቦርዱ «አይ፣ ይሄን ሳምንት አትጫወትም፣ አርፈህ ተኛ» ማለት ቻለ። ሴቶቹ የሙሉ ጊዜ ኮንትራት ያገኙት በ2014 ነው፣ ለ18 ተጫዋቾች፣ ዘገየ ብል ማንም የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

ሶስተኛው ኪስ የአጭሩ ክሪኬት ገበያ ነው። በ2008 የህንድ ፕሪሚየር ሊግ፣ አይፒኤል የሚባለው ተጀመረ፣ ተጫዋች በጨረታ የሚሸጥበት። በ2009 ኬቨን ፒተርሰንና አንድሩ ፍሊንቶፍ የሚባሉ ሁለት እንግሊዞች እያንዳንዳቸው 1.55 ሚሊዮን ዶላር ተባሉ፣ ለጥቂት ሳምንት ስራ። ከዛ ወዲህ ወጣት ተጫዋች የሚያስበው ሌላ ነው፣ አራት ቀን ብርድ ላይ ቆሜ ከምወረውር በዓመት አራት አገር እየዞርኩ ሶስት ሰዓት ሶስት ሰዓት ብጫወት አይሻለኝም ወይ ይላል፣ ልትፈርዱበት አትችሉም። እንግሊዝም በ2021 የራሷን አጭር ውድድር ጀመረች፣ ለየቡድኑ 100 ኳስ ብቻ፣ በ2025 የቡድኖቹን ድርሻ ስትሸጥ ከገዢዎቹ የተወሰኑት የአይፒኤል ቡድኖች ባለቤቶች ናቸው።

አንደርሰን በአይፒኤል አንድም ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። በ2024 መጨረሻ፣ 42 ዓመቱ ላይ፣ ስሙን ጨረታ ላይ አስገብቶ ነበር፣ ማንም አልገዛውም።

ለምንድነው ፈጣን ወርዋሪዎች ቶሎ የሚሰበሩት?

አንዴ ቆማችሁ ሞክሩት። ተንደርድራችሁ ኑ፣ በመጨረሻዋ እርምጃ የፊት እግራችሁን ቀጥ አርጋችሁ መሬት ላይ ትከሉ፣ በዛው ቅፅበት ወገባችሁን ወደ ጎን አጥፋችሁ አዙሩ፣ ክንዳችሁን ሳታጥፉ ከላይ ወደ ታች አውርዱ። የፊት እግር ላይ የሚያርፈው ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ ነው፣ ያ ሁሉ ጫና ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ እያለ መጨረሻ የታችኛው ጀርባ አጥንት ላይ ይደርሳል። ሽቦ ደጋግማችሁ አንድ ቦታ ላይ ስታጥፉት እንደሚሰነጠቀው አጥንቱም ይሰነጠቃል፣ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ።

አንደርሰንንም አገኘው፣ በ2006 የጀርባ አጥንቱ ተሰነጠቀ፣ ወራት ተቀመጠ። እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። ሲወረውር አንገቱ ይጎነበስና አይኑ ኳሷን በሚለቅበት ሰዓት መሬት ነው የሚያየው፣ ዒላማውን አያይም። አሰልጣኞቹ ይሄ ልጅ እንዲህ ከቀጠለ ይሰበራል ብለው አወራወሩን ሊቀይሩለት ሞከሩ። ፍጥነቱም ጠፋ፣ ኳሷም መታጠፍ ተወች፣ በላዩ ላይ አጥንቱ ተሰነጠቀ። መጨረሻ ላይ ወደ ድሮው አወራወሩ፣ መሬት ወደሚያይበት፣ ተመለሰ። በ2008 ኒውዚላንድ ላይ የእንግሊዝ አሰልጣኞች ሁለት ትልልቅ ወርዋሪዎችን አውጥተው እሱንና ስቱዋርት ብሮድ የሚባል ወጣት አስገቡ፣ ከዛ ሁለቱ አብረው 15 ዓመት ሄዱ። ብሮድ በ2023 ሲያቆም 604 ዊኬት ነበረው።

ኳሷ አየር ላይ የምትታጠፈው እንዴት ነው?

የሰውዬው ሙያ ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቀመጥበት።

የክሪኬት ኳስ 160 ግራም ገደማ ናት፣ ውስጧ ቡሽና ክር፣ ላይዋ ቀይ ቆዳ፣ ወገቧ ላይ ዙሪያዋን የተሰፋ ከፍ ያለ ስፌት አላት። እንግሊዝ ውስጥ የሚጠቀሙባት ዲዩክ የምትባለው በእጅ ነው የምትሰፋው፣ ስፌቷ ስድስት መስመር ነው። አዲስ ስትወጣ ሁለቱም ጎኗ ያብለጨልጫል። ጨዋታው ሲሄድ መሬት እየነካች ትሻክራለች፣ ተጫዋቾቹ ግን አንዱን ጎን ብቻ መርጠው ሱሪያቸው ላይ እየፈተጉ ያበሩታል፣ ሌላውን እንዲሻክር ይተዉታል። ቲቪ ላይ ሰውዬው ለምንድነው ጭኑን የሚያሸው ላላችሁ፣ ምክንያቱ እሱ ነው። ድሮ በምራቅ ነበር የሚያበሩት፣ በኮቪድ ጊዜ ተከለከለ፣ በ2022 ለዘለቄታው ቀረ፣ አሁን በላብ ነው።

አሁን መኪና ስትነዱ አስቡ፣ የግራ ጎማችሁ ኮሮኮንች ላይ ገባ፣ የቀኙ አስፋልት ላይ ነው። መሪው ወዴት ይጎትታል? ወደ ግራ፣ ወደ ሻካራው። ኳሷም አንዱ ጎኗ ለስላሳ አንዱ ሻካራ ሆኖ ስፌቷ በትንሹ ዘንበል ብሎ ከተለቀቀች ወደ ሻካራው ጎን ትታጠፋለች። ፊዚክሱ ከመኪናው ይለያል፣ ነገሩ አየሩ ከየትኛው ጎን ቶሎ ይላቀቃል የሚለው ነው፣ ግን አቅጣጫውን ለማስታወስ ምሳሌው ይበቃል። ይሄ ስዊንግ ይባላል። ኳሷ በጣም ስታረጅና በፍጥነት ስትለቀቅ ደሞ ግልባጩ ይመጣል፣ ወደሚያብለጨልጨው ጎን ትታጠፋለች፣ ሪቨርስ ስዊንግ ነው ስሙ። ተጫዋቾቹ ደመና ሲሆን ይበልጥ ትታጠፋለች ብለው ይምላሉ፣ የሳይንስ ሰዎች አልተስማሙበትም።

መቺው ችግሩ ምንድነው፣ ኳሷ በሰዓት 130 እና 140 ኪሎ ሜትር ነው የምትመጣው፣ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም አትበልጥም፣ ስለዚህ ከወርዋሪው እጅ ስትወጣ ነው መወሰን ያለበት። አንደርሰን ደሞ በአንድ ዓይነት ሩጫ፣ በአንድ ዓይነት እጅ፣ አንዷን ወደ ውስጥ አንዷን ወደ ውጪ ያጥፋታል። መቺዎቹ ጣቱን ማንበብ ሲጀምሩ ኳሷን በሌላኛው እጁ ይሸፍናት ጀመር። በ2010 የፓኪስታን ቡድን እንግሊዝ ሲመጣ መሀመድ አሲፍ የሚባል ወርዋሪ ስፌቷን ቀጥ አርጎ ሳይሆን እያንገዳገደ ሲለቅ አየው፣ ኳሷ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትሄድ ወርዋሪውም አያውቅም፣ መቺውማ ከየት አባቱ ያውቃል። ይቺን ከተቀናቃኝ ሰርቆ ልምምድ ላይ ለፋባት፣ በዛው ዓመት መጨረሻ በጀመረው ጉዞ አውስትራሊያ ሄዶ 24 ዊኬት ወሰደ፣ እንግሊዝ እዛው ሜዳቸው ላይ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 አሸነፈች። የዛን ጊዜ አውስትራሊያን አገሯ ላይ ማሸነፍ ማለት ለእንግሊዝ ምን እንደሆነ ለማወቅ ለንደን ያለ ታክሲ ነጂ ጠይቁ።

ሰላሳ ካለፈው በኋላ ፍጥነቱ ቀንሷል። ውርወራው ግን ያኔ ነው የበሰለው።

41 ዓመት ድረስ እንዴት ቆየ?

እኛ የሚገባን ምሳሌ አለን። ቀነኒሳ በቀለ ጁን 1982 ተወለደ፣ አንደርሰን ጁላይ 1982፣ ሰባት ሳምንት ገደማ ነው መሀላቸው። ቀነኒሳ ትራኩን ትቶ ማራቶን ገባ፣ ኤፕሪል 2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ከሶስት ወር በኋላ እዛው ከተማ ላይ እኩያው አንደርሰን ቴስት ተሰናበተ። ሁለቱም ያደረጉት በመልኩ አንድ ነው፣ ሰውነት የማይችለውን ቀንሰው የሚችለውን ያዙ።

አንደርሰን የቀነሰው ግን አጭሩን ነው። ለእንግሊዝ ቲ ትዌንቲ የተጫወተው እስከ 2009 ነው፣ ያንድ ቀኑን በ2015 አቆመ፣ እዛም 269 ዊኬት ነበረው። ከዛ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ቴስት ብቻ። ገንዘቡ ወደ አጭሩ እየሮጠ እሱ ወደ ረጅሙ ሄደ ማለት ነው። ይሄን ማድረግ የቻለው ሴንትራል ኮንትራት ስላለው ነው፣ ካውንቲ ላይ ብቻ የሚኖር ተጫዋች እንዲህ ልምረጥ ቢል ቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል። ጁላይ 2021፣ 39 ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ለላንክሻየር ከኬንት ጋር ሲጫወት 19 ረን ብቻ አስቆጥረውበት ሰባት ሰው አስወጣ፣ ከተወለደ ጀምሮ ምርጡ ቁጥሩ ያ ነው።

በቃህ የሚለውስ ማነው?

ራሱ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ።

በ2022 መጀመሪያ አውስትራሊያ ላይ ከተሸነፉ በኋላ እሱንም ብሮድንም ለቀጣዩ ጉዞ ሳይጠሩ ተዉአቸው፣ በኋላ ሌላ አመራር መጥቶ መለሳቸው። በ2023 ከአውስትራሊያ ጋር በአራት ጨዋታ አምስት ዊኬት ብቻ አገኘ፣ ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። በ2024 ደሞ ማንቸስተር አንድ ሆቴል ተጠራ፣ እሱ እንደተለመደው ስለ ስራው ለመወያየት ነው የመሰለው። ሲገባ አሰልጣኙ ብሬንደን ማክለም፣ ዳይሬክተሩ ሮብ ኪ፣ ካፒቴኑ ቤን ስቶክስ ሶስቱም ተቀምጠዋል። ሶስት ሰው አንድ ላይ ሲጠብቅህ ምን እንደሆነ ትጠረጥራለህ። ከዓመት በላይ ቀርቶ ስላለው የአውስትራሊያ ጉዞ ነው የምናስበው፣ አንተ ያኔ 43 ትሆናለህ አሉት። አንድ የመሰናበቻ ጨዋታ ሰጡት።

ሎርድስ፣ ጁላይ 2024፣ ከዌስት ኢንዲስ ጋር። ከዛ በፊት ባለው ሳምንት ለላንክሻየር በ35 ረን ሰባት ሰው አስወጥቶ ነበር፣ «ሸኙኝ እንጂ አላለቅኩም» ያለ ያህል። እንግሊዝ በሶስት ቀን አሸነፈች፣ አንደርሰን በጠቅላላ አራት ዊኬት ወሰደ፣ አስራ ሁለቱን ደሞ ገና የመጀመሪያ ቴስቱን የሚጫወት ጋስ አትኪንሰን የሚባል ልጅ ወሰደ። መጨረሻው ሊደርስ ሲል አንደርሰን ወረወረ፣ ጉዳኬሽ ሞቲ የሚባለው መቺ ኳሷን ቀጥታ ወደሱ መለሳት፣ እጁ ገባች፣ 705ኛዋ እሷ ነበረች፣ ስታዲየሙ በሙሉ ተነሳ፣ ከእጁ ወደቀች።

ራሱ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ አትኪንሰን የመጨረሻውን ሰው አስወጣ፣ አለቀ። የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ቪዲዮ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ከሰዓት ደሞ መልበሻ ክፍሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ሜዳ ለተሰበሰበው ህዝብ አንድ ብርጭቆ ጊነስ ባንድ ትንፋሽ ጠጣላቸው።

ከዛ ምን ይሰራል እንደሱ ያለ ሰው?

ብዙዎቹ አሰልጣኝ ይሆናሉ፣ ወይ ቲቪ ላይ ተንታኝ። ካውንቲ ላይ ብቻ የቆዩት ደሞ 35 ገደማ ላይ ኮንትራታቸው ያልቅና ከዜሮ ስራ ፍለጋ ይጀምራሉ፣ ያ ያልኳችሁ ማህበር ገና ሳያቆሙ ሌላ ሙያ እንዲማሩ የሚወተውታቸው ለዚህ ነው። አንደርሰንን ቦርዱ የወጣት ወርዋሪዎች አማካሪ አረገው፣ በማግስቱ ማለት ይቻላል።

ግን አልተቀመጠም። በ2025 እንደገና ከላንክሻየር ጋር ተፈራረመ፣ ላንክሻየር ያኔ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር፣ ልክ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ ሲያበቃ ቻምፒዮንሺፕ እንደ መውረድ በሉት። 42 ዓመት፣ ትንሽ ህዝብ፣ ብርድ። ከ11 ዓመት በኋላ ለላንክሻየር ቲ ትዌንቲም ተጫወተ፣ ያ የተወውን። የላንክሻየር ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ነው የሚባለው፣ የማንቼ ደጋፊዎች አትደናገጡ፣ ስማቸው አንድ ሆኖ ሁለት ሜዳ ናቸው፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ። የክሪኬቱ ሜዳ ላይ ከሁለቱ የመወርወሪያ ጫፎች አንዱ ከ2017 ጀምሮ «የጄምስ አንደርሰን ጫፍ» ይባላል።

ይሄን ለአክስቴ ልጅ በቮይስ ነገርኩት፣ ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ። መልሱ፦ «እሺ፣ አርብ ወርጄ ፓኪስታኖቹን አንድ ውርወራ ስጡኝ እላቸዋለሁ።» ወገብህን ጠብቅ አልኩት።